የባሶ ገበያ መንገድ

ስለ ጎጃም ታሪክ ሲወራ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጡት ገዳማቱና ነገሥታቱ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምን፣ መርጡለ ማርያምን ሄዶ ያላየ እንኳ ስማቸውን ሰምቷል። ደብረ ማርቆስም መንቆረር የሚለውን የጥንት ስሟን የለወጠችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ጉልላት የሌለው፣ ዘውድ ያልተጫነበት፣ ቅርስ ሲባል በአሳባችን የማይመጣ ነገር ነው። የሲራራ ነጋዴ የተመላለሰበትን መንገድ ማለቴ ነው።

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የጁቤ የምትባል ከተማ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ አካባቢ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ይህን ገበያ አይቶ ጽፎለታል። በዚያው ዘመን ወደ እናርያ የዘለቀው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም የተጓዘው በሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነው።

ባሶን ባሶ ያደረገው የተቀመጠበት ስፍራ ነው። አባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዙሪያውን ጠምጥሞታል። ባሶ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ካለው ከጉድሩ አገር ፊት ለፊት ነው። ከእናርያና ከከፋ የተነሣ ነጋዴ የጉድሩን የአሰንዳቦ ገበያ አልፎ፣ ቆላውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አቀበቱን ወጥቶ ባሶ ይገባል። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይመጣል። ባሪያም እየነዳ ይመጣል፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። ከባሶ በኋላ ሸቀጡ በደጋው ላይ ወደ ሰሜን አቅንቶ በጎንደር በኩል ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይወርዳል።

ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ በበኩሉ ጨርቃ ጨርቅና ዶቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሞሌ ይጭናል። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተጠርቦ የሚወጣ የጨው ጡብ ነው፤ ሰው ይበላዋል፣ ይገበያይበታልም። አንድ አስደናቂ ጠባይ አለው። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ነጋዴው ወደ ደቡብ በገፋ ቁጥር ጭነቱ ሳይከብድ ሀብቱ ይከብድለታል ማለት ነው። ዝናብ ካላገኘው ነዋ! ክረምት ሲገባ ደግሞ አባይ ይሞላና መሻገሪያው ይዘጋል። ስለዚህ የንግዱ የቀን መቁጠሪያ የወንዙ ጠባይ ነበር።

በዚህ መንገድ ብቻውን የሚሄድ አልነበረም። ሽፍታ አለ፤ በየኬላው ቀረጥ ተቀባይ አለ። ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ በቅሎና አህያቸውን ጭነው፣ በአንድ ነጋድራስ ሥር ተሰብስበው ይጓዙ ነበር። የጎጃም መሳፍንትም ከዚህ ንግድ በሚሰበሰበው ቀረጥ ጦር ያስታጥቁበት ነበር። እንግዲህ አባይ ማዶን መያዝ ማለት የገንዘቡን ምንጭ መያዝ ነበር።

አንባቢዬ የእምባቦን ጦርነት በዚህ ዓይን እንዲያየው እፈልጋለሁ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ማዕረጋቸው «የጎጃምና የከፋ ንጉሥ» የሚል ነበር። ከፋ ከደብረ ማርቆስ ስንት ቀን ይርቃል! ማዕረጉ ግን ያለ ነገር አልተሰጠም፤ የንግዱን መንገድ ተከትሎ እስከ ጫፉ የሚደርስ ነበር። ያንኑ ምንጭ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። በ1874 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ሁለቱ ነገሥታት በጉድሩ ምድር፣ እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። ከዚያ ወዲህ የደቡቡ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባማ የሲራራው ነገር ያለቀለት ሆነ። ባሶ አልተቃጠለም፤ ማንም አላፈረሰውም። መንገዱ ሌላ አቅጣጫ ስለያዘ ብቻ ቀረ።

መንገድ ሲሞት ምን ይደረጋል? በዚህ ረገድ አሜሪካኖችን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በበሬና በበቅሎ በሚጎተት ሠረገላ ከሚዙሪ ተነሥቶ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኦሪገን ተጉዟል። ያንን መንገድም የገደለው ባቡር ነው፤ በ1869 አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያገናኝ የሠረገላው ጉዞ እየተመናመነ ሄደ። ይሁን እንጂ በ1968 የብሔራዊ መንገዶች ሥርዓት ሕግ አወጡ፤ በ1978 የኦሪገንን መንገድ ብሔራዊ ታሪካዊ መንገድ ብለው ሰየሙት። ዋዮሚንግ ውስጥ የሠረገላ ጎማ አለት ሰርስሮ ያለፈበትን ጎድጓዳ መስመር ዛሬም ጎብኚ ሄዶ ያየዋል።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያገኘሁት ግን ከሌላ ስፍራ ነው። ሰፋሪው ወደ ምዕራብ የገፋው ባዶ ምድር ላይ አልነበረም፤ የአገሩ ባለቤቶች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1864 ኮሎራዶ ውስጥ ሳንድ ክሪክ በሚባል ቦታ የሻያንና የአራፓሆ ሰዎች፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ በመንግሥት ወታደሮች ተጨፍጭፈዋል። ያ ቦታ በ2007 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ሆኖ ተከፈተ። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ቢዘገይም፣ ጀግናው ሰፋሪ በሚወደስበት አገር የተጎጂውም ታሪክ ቦታ አገኘ።

እኛስ? የባሶን መንገድ እናስታውስ ካልን ቡናውንና ዝባዱን ብቻ አስታውሰን ልናልፍ አይገባም። በዚያው አቀበት ላይ ከቀዬአቸው ተነጥቀው፣ ስማቸው ሳይጻፍ፣ ከአሞሌና ከጨርቅ ጋር የተሸጡ ሰዎች አልፈዋል። ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ነጋድራሱን እያወደሱ እነርሱን መዝለል ታሪክ መጻፍ አይሆንም። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ማንሣት ቁስል መቆስቆስ ነው ይላል። በእኔ አስተያየት ግን ሸፍነው የተዉት ቁስል ያመረቅዛል እንጂ አይድንም።

ጎጃምና አሜሪካ በመንገድ ጉዳይ የተገናኙበት አንድ አጋጣሚም አለ። ከሞጣ በኩል ወደ በጌምድር በሚያሻግረው የአባይ መንገድ ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረና ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ይህን በአንድ መጽሔት ፎቶግራፍ ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ተነሥቶ በ1994 ዓ.ም. ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ጠገነው። ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካለት። እንግዲህ አንድ ሰው ፎቶግራፍ አይቶ ይህን ያህል ካደረገ፣ በአገሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያቅተዋል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሐውልት ይቁም አላልሁም። የባሶና የጉድሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ መሻገሪያው፣ ኬላው፣ ነጋዴ ያድርበት የነበረው ሜዳ የቱ እንደሆነ ተጠይቀው ይጻፍ። ሥራው ከአባይ ወዲህም ወዲያም ያሉ ሰዎች አብረው የሚሠሩት ይሁን፤ መንገዱ የሁለቱም ነውና። ጎጃምና ወለጋ እምባቦ ላይ ስለፈሰሰው ደም ብዙ ተነግሯቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ክረምት በወጣ ቁጥር ይገበያዩ ነበር። ይህንንም ልጆቻችን ይወቁት።