ተማሪው ተጠይቆ ነበር፤ መልሱስ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት ጀሞ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን የጓደኛዬ ታናሽ እህት የመመረቂያ ጽሑፏን መጠይቅ አሳየችኝ። ርዕሱ የተማሪዎች እርካታ ነው። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» እያለ ይወርዳል።

«እህትዬ፣ ሳያነቡ ነው እኮ የሚሞሉት» አለችኝ።

ሳቅኩ። እኔም ያው ነበርኩ። ሴሚስተር ሲያልቅ የግምገማ ፎርም ይታደለናል፤ አምስት አምስቱን ደርድሬ ወደ ምሳ እሮጣለሁ። በዚያው ሴሚስተር አንዷ የዶርሜ ልጅ እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ ታድር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮዋል ሞልታ ወደ ቤተሰቦቿ ተመለሰች። ፎርሙ ላይ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቅ መስመር ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም። አላነበብኩትማ።

እናላችሁ፣ ይሄ ጥያቄና መልስ ከየት ጀመረ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን ለሁለተኛ ደረጃና ለኮሌጅ ተማሪዎች መጠይቅ በተነ። መልሱን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ላይ ተጠቀመበት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተመውም ቺካጎ።

ተማሪው ግን መጽሐፉን አልጠበቀም። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ለድጋፍ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥሙን አነበበ። ቅሬታ የሚሞላበት ፎርም ባይኖርም መድረክ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ መጣ። ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ እያስተማረ፣ እንዲያገለግል ማለት ነው። ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት አገልግሎቱ በተማሪዎቹ ላይ ያመጣውን ለውጥ አጠኑ። ጽሑፎቻቸው በ1966 እና በ1969 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ እሱም በውጭ አገር መጽሔት። አገር ቤት ግን ተማሪው በሰልፍ ላይ ሰልፍ እየደረበ እስከ 1966ቱ አብዮት ዘለቀ።

ዛሬ ጥያቄውም ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሃያ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚመለስበት መጠይቅ አለ፦ እንቅልፍ ይነሳሃል? ምግብ ያስጠላሃል? ራስህን ቶሎ ቶሎ ያምሃል? በዚሁ መጠይቅ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ላይ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ 21.6 በመቶ ተማሪዎች የአእምሮ ጭንቀት ተገኝቶባቸዋል። ከአምስት አንድ በላይ ነው። እኛ ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። ቁጥሩን ሳይ አልጋዎቻችንን ቆጠርኩ።

ስለዚህ ጥያቄ አላነሰንም። የጎደለው ተመልሶ መጥቶ «ይህን ብላችሁናል፣ ይህን እናደርጋለን» የሚል ሰው ነው። መልሱ የትም እንደማይደርስ የገባው ተማሪ ፎርሙን ሳያነብ ቢሞላ ምን ይፈረድበታል?

ክፍለ ከተማችን የስሙን ግማሽ ያገኘው ከድሮው ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ነው። መልእክቱ በነፋስ ይላካል፤ ወዲያ ማዶ ተቀባይ ከሌለ ግን ያው ነፋስ ሆኖ ይቀራል።

ልጅቷን አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳት፦ ውጤቱን ለሞሉት ልጆች ተመልሰሽ አንብቢላቸው።

እናንተስ ፎርሙን እንዴት ነበር የምትሞሉት? ቸር ሰንብቱ።