ከሦስት መቶ ሺህ ሕዋሳት መካከል፦ የፓፕ ስላይድን በማሽን የማንበብ ታሪክ

በአንድ የፓፕ ስላይድ ላይ ከ50,000 እስከ 300,000 የሚደርሱ ሕዋሳት ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ወደ ካንሰር የሚያመራውን ለውጥ የጀመሩት ጥቂት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። አንባቢው ስላይዱን በማይክሮስኮፕ ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል፤ አብዛኞቹ ስላይዶች ጤነኛ ስለሆኑም ቀኑን ሙሉ የሌለ ነገር ሲፈልግ ይውላል። እንዲህ ያለ ፍለጋ ዓይንን ያዝላል፤ ዓይን በዛለበት ቅጽበት የታለፈች አንዲት ሕዋስም ለባለቤቷ ሴት በጊዜ የመዳን ዕድል ነበረች። ይህን አሰልቺ ፍለጋ ለማሽን ለማስረከብ የተደረገው ጥረት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከማህፀን በር አካባቢ በሚገኝ ፈሳሽ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳትን ማየት እንደሚቻል ያስታወቀው በ1928 ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ምርመራው ተቀባይነት ያገኘው እርሱና ኸርበርት ትራውት በ1943 መጽሐፋቸውን ካሳተሙ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ የሚመረመሩት ሴቶች ቁጥር ስላይድ ማንበብ ከሚችሉት ባለሙያዎች አቅም በላይ ሆነ።

በ1950ዎቹ ኤርቦርን ኢንስትሩመንትስ ላቦራቶሪ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሳይቶአናላይዘር የተሰኘውን ማሽን ሠራ። የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የካንሰር ሕዋስ ኒውክለስ ከጤነኛው ይልቅ ትልቅና ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ ማሽኑ ስላይዱን በብርሃን እየቃኘ የእያንዳንዱን ኒውክለስ ስፋትና ጥቁረት ቢለካ፣ ትልቅም ጥቁርም የሆነውን ለይቶ ያወጣል። ችግሩ የመጣው ከስላይዱ ነው። በእጅ በተቀባ ስላይድ ላይ ሕዋሳት ይደራረባሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ተቋጥረው ይቀመጣሉ፤ አቧራና የቀለም ዝቃጭም አይጠፋም። የሰው ዓይን እነዚህን ያለ ችግር ያልፋቸዋል። ማሽኑ ግን ሁለት የተደራረቡ ጤነኛ ኒውክለሶችን አንድ ትልቅና ጥቁር ኒውክለስ አድርጎ ይቆጥር ነበር። የሐሰት ማስጠንቀቂያው ስለበዛ አንባቢው አብዛኛውን ስላይድ ራሱ መልሶ ማየት ግድ ሆነበት፤ ፕሮጀክቱም ተቋረጠ። ብዙዎች ውድቀቱን በዘመኑ ኮምፒዩተር ደካማነት ያመካኛሉ። እውነት አለው፤ ነገር ግን ዋናው ዕንቅፋት ሥዕሉ ራሱ ለፍለጋ ተብሎ አለመዘጋጀቱ ነበር።

ከዚህ ድካም አንድ ያልታሰበ ፍሬ ተገኝቷል። በአይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው ሉዊስ ካመንትስኪ የተደራረቡ ሕዋሳትን ከመለየት ይልቅ ሕዋሳቱን በፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ አሳልፎ በብርሃን መለካት ይሻላል ብሎ ተነሣ፤ በ1965ም መሣሪያውን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አስተዋወቀ። ያ መሣሪያ የፓፕ ምርመራን አልተካም፤ ሆኖም ከፍሎው ሳይቶሜትሪ መነሻዎች አንዱ ሆነ። ከዓመታት በኋላ በኤች አይ ቪ ክሊኒኮች የሲዲ4 ቁጥር ሲጠብቁ የነበሩ ሐኪሞች ውጤቱን ያገኙት ከዚሁ የፍሎው ሳይቶሜትሪ ቴክኖሎጂ ነው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጃፓን፣ ኔዘርላንድስና ሌሎች አገሮች የየራሳቸውን ማሽኖች ሞክረዋል፤ ወደ ዕለታዊ አገልግሎት ግን አልገቡም። ሁኔታውን የለወጠው ጋዜጣ ነው። በ1987 ዎል ስትሪት ጆርናል በአንዳንድ የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ስላይድ አንባቢዎች ከአቅም በላይ እየሠሩ ካንሰር እንደሚያመልጣቸው አጋለጠ። በተከታዩ ዓመት የወጣው የላቦራቶሪ ሕግ አንድ ባለሙያ በ24 ሰዓት ከ100 ስላይድ በላይ እንዳያነብ ከለከለ፤ ጤነኛ ከተባሉት ስላይዶችም ቢያንስ አሥር በመቶው እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ማሽን ለሚሠሩ ኩባንያዎች ከዚህ የተሻለ ገበያ አይገኝም ነበር።

በ1995 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሁለት ማሽኖች ፈቃድ ሰጠ። ፓፕኔት የተባለው ከምሳሌ በሚማር የነርቭ መረብ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ፍርድ አይሰጥም፤ ከስላይዱ ላይ አጠራጣሪ ያላቸውን 128 ሥዕሎች መርጦ በስክሪን ያቀርባል፤ የሚወስነው ሰው ነው። ይህ ትሕትና የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የተፈቀደለት አስቀድሞ በሰው የተነበበን ስላይድ ደግሞ ለማየት ብቻ ስለነበር ሥራ አልቀነሰም፤ ወጪ ግን ጨመረ። አምራቹ ኩባንያ በ1999 ከሠረ። አውቶፓፕ ሌላ መንገድ ያዘ፤ በ1998 ባገኘው ፈቃድ ስላይዶችን በአጠራጣሪነታቸው ደረጃ አስቀምጦ እስከ 25 በመቶ የሚሆኑትን የሰው ዓይን ሳያያቸው እንዲያልፉ ማድረግ ቻለ። በሰዓቱ ደፋር እርምጃ ነበር።

በ2003 ፈቃድ ያገኘው የቲንፕሬፕ ሥርዓት የሳይቶአናላይዘርን ትምህርት በተግባር አዋለ። ናሙናው በፈሳሽ ውስጥ ተበጥብጦ በስስ ንጣፍ ስለሚዘጋጅ መደራረቡ በእጅጉ ይቀንሳል። ማሽኑ ከስላይዱ 22 ቦታዎችን ይመርጣል፤ አንባቢው በእነዚህ ውስጥ ምንም ካላገኘ ሥራው ያበቃል፤ ከተጠራጠረ ግን ስላይዱን በሙሉ ይፈትሻል።

ፍጥነቱ እውነተኛ ነበር። ትክክለኛነቱስ? በእንግሊዝ ማንችስተር የተመራውና በ2011 የታተመው ማቫሪክ ጥናት በ73,266 ናሙናዎች ላይ በማሽን የታገዘ ንባብን ከሰው ንባብ ጋር አነጻጸረ። የማሽኑ መንገድ የሠራተኛውን ምርት ከ60 እስከ 80 በመቶ ከፍ አደረገ፤ ነገር ግን ሕክምና የሚሹ ለውጦችን የማግኘት አቅሙ ከሰው ንባብ በ8 በመቶ ያነሰ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ማሽኑን ለመደበኛ ምርመራ አልመከሩም። ፍጥነትና ትክክለኛነት በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ የሚጠፋው ስምንት በመቶ የማን እንደሆነ መጠየቅ የሐኪም ግዴታ ነውና፣ ውሳኔያቸው ትክክል ነበር።

ይህ ክርክር እየተካሄደ ሳለ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ1983 እና በ1984 ኤች ፒ ቪ 16ን እና 18ን ከማህፀን በር ካንሰር ለይቶ አሳየ፤ በ2008ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። የበሽታው መንሥኤ ቫይረስ ከሆነ የተለወጠች ሕዋስ በዓይን መፈለግ የመጀመሪያ እርምጃ መሆኑ ቀረ። በሕንድ ገጠር ከ130,000 በላይ ሴቶችን ያካተተውና በ2009 የታተመው ጥናት አንድ ዙር የኤች ፒ ቪ ምርመራ ብቻ በበሽታው የሚሞቱትን ሴቶች ቁጥር በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ፤ የፓፕ ምርመራ በዚያው ጥናት ተመሳሳይ ውጤት አላመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው የኤች ፒ ቪ ዲ ኤን ኤ ምርመራን በቀዳሚነት መክሯል።

የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የኢትዮጵያን ሴቶች በብዛት በሚያጠቃበት፣ የፓቶሎጂ ባለሙያዎችም በጥቂት ትላልቅ ከተሞች በተወሰኑበት ሁኔታ፣ የፓፕ ምርመራ በአገር አቀፍ ደረጃ ሳይስፋፋ ነበር አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየት ዘዴ ወደ ጤና ተቋማት የገባው። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባትም በ2018 ተጀመረ። በዓይን የማየቱ ዘዴ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ውጤቱ ግን ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ይለያያል።

ማሽኑ የተመለሰው በዚህ በር ነው። በ2019 የታተመ ጥናት በኮስታሪካ ከ9,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ በተነሡ የማህፀን በር ፎቶግራፎች የሠለጠነ ፕሮግራም ከፓፕ ምርመራ የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ ገለጸ። ፎቶግራፎቹ የተነሡት ግን በአንድ ዓይነት የፊልም ካሜራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች በአንድ መሣሪያ ሥዕል የተማረ ፕሮግራም ብቃቱ ወደ ሌላ መሣሪያ በቀላሉ እንደማይተላለፍ አሳይተዋል፤ ተመራማሪዎቹም ከተለያዩ አገሮችና መሣሪያዎች ሥዕል እየሰበሰቡ፣ ከኤች ፒ ቪ ምርመራ ጋር አጣምረው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ማሠልጠን ጀመሩ።