ንብ አናቢና ከብት አርቢ የተሟገቱለት አረም

በአውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ፣ ቡናርጋ የተባለች መንደር በ1936 እ.ኤ.አ. የሠራችውን የሕዝብ አዳራሽ በአንዲት የእሳት እራት ስም ሰየመችው። ከአርጀንቲና የመጣችው ካክቶብላስቲስ በ1926 ከተለቀቀች በኋላ፣ ሚሊዮን ሄክታሮችን የወረረውን የበለስ ቁልቋል አባጨጓሬዎቿ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በልተው አመናምነውታል፤ ገበሬውም ጥሎት ወደሄደው መሬት ተመልሷል።

ይህ ድል ብዙዎችን አደፋፈረ። በ1935 የሸንኮራ አገዳን ጥንዚዛ እንዲበላ ጉርጥ ከሃዋይ መጣ። ጥንዚዛው ከአገዳው ላይ፣ እጩ ከአፈር ሥር ስለሚውሉ ጉርጡ አልደረሰባቸውም። የነፍሳት ተመራማሪው ዋልተር ፍሮጋት ተቃውሞ ነበር፤ መንግሥትም ልቀቱን ለጥቂት ወራት አግዶ በ1936 መልሶ ፈቀደ። መርዛሙ ጉርጥ ዛሬም እየተስፋፋ የሚበሉትን አውሬዎች ይገድላል።

ጉርጡ ያላመጣውን ሕግ ግን ወይን ጠጅ አበባ ያለው አረም አመጣው።

ኤኪየም የተባለው ይህ የሜዲትራኒያን ተክል ግጦሽ ይሻማል፣ የፈረስን ጉበት ይጎዳል፤ ለንብ አናቢው ግን የማር ምንጭ ነው። የመንግሥት የምርምር ተቋም አረሙን የሚበሉ ነፍሳት ሊለቅ ሲነሳ፣ በ1980 ንብ አናቢዎችና ተክሉን ለመኖ የሚፈልጉ አርቢዎች በደቡብ አውስትራሊያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሳገዱት። ተመራማሪዎች ነፍሳቱ ምን እንደሚበሉና ምን እንደማይነኩ ሊያስረዱ ይችላሉ። የማን ጥቅም ይቅደም ለሚለው ግን ቤተ ሙከራ መልስ የለውም።

በ1984 የወጣው ሕግ ለዚህ ጥያቄ ሥርዓት አበጀለት። የሚጠፋው ተክልና የሚለቀቁት ነፍሳት አስቀድመው ለሕዝብ ይፋ ይሆናሉ፣ ተቃዋሚ ይደመጣል፣ ሲያስፈልግ ጥቅምና ጉዳቱ ይመረመራል፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ልቀቱን በክስ ማስቆም አይቻልም። በኤኪየም ላይ የተደረገው ምርመራ አረሙ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያከስር፣ ጥቅሙ ግን 2 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ አሰላ። እግዱ በ1988 ተነሳ።

በ1995 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ተባይና አረም ለመከላከል ከውጭ የሚገቡ ነፍሳትን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቀ። ኢትዮጵያም ቅንጨ አረምን የምትበላውን ጥንዚዛ በ2016 ወለንጪቲ ላይ ከመልቀቋ በፊት፣ አምቦ በሚገኘው የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በኳራንቲን ይዛ በሰብሎች ላይ ፈትሻታለች። ልዩ ጥንቃቄ የጠየቀው የቅንጨ አረም ዘመድ የሆነው ኑግ ነበር፤ እዚህም ንብ አናቢውና ዘይት ጨማቂው የሚፈልጉት ሰብል ነውና።