በቃል ያለ ይረሳል፦ የሆስፒታል የአሠራር መመሪያ አጭር ታሪክ

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ታሪክና ስለ ቅርስ ሲነገር ነው። ይሁን እንጂ የብሂሉ እውነትነት በሆስፒታል ውስጥ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በአንድ ዋርድ ለዓመታት የሠሩ ነርስ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ፣ የድንገተኛ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ለማን እንደሚነገር፣ ደም በአስቸኳይ ሲፈለግ ማን ምን እንደሚፈርም የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል። በማግስቱ የሚገባው ተረኛ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። የዚህ ክፍተት ዋጋ የሚከፈለው ግን በሠራተኛው ሳይሆን በሕመምተኛው ነው።

በአንድ ተቋም ውስጥ ምን መሠራት እንዳለበት፣ ማን፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራው በጽሑፍ የሚደነግገው የአሠራር መመሪያ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የአስተዳደር ክፍል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ከአንድ መቶ ሰባ ዓመታት በላይ የዘለቀው የሕክምና ታሪክ እንደሚመሰክረው፣ በአግባቡ የተጻፈና በሥራ ላይ የዋለ መመሪያ እንደ መድኃኒት ሕይወት አድኗል፤ ተጽፎ የተረሳ መመሪያ ግን የወረቀት ክምር ከመሆን አላለፈም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ታሪክ ዋና ዋና ምዕራፎች በአጭሩ ይዳስሳል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

የቪየናው ትምህርት

በ1840ዎቹ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክሊኒኮች ነበሩ። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በ1846 በአንደኛው ክሊኒክ ከወለዱት እናቶች መካከል 11.4 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ በሁለተኛው የሞቱት 2.8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ዋናው ገዳይ የአራስ ትኩሳት ነበር። ረዳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኢግናዝ ሴምልቫይስ የልዩነቱን ምክንያት ያገኙት በመጋቢት 1847 ባልደረባቸው ያዕቆብ ኮሌችካ በአስከሬን ምርመራ ወቅት በቢላ ተወግተው ከአራስ ትኩሳት ጋር በሚመሳሰል ሕመም በሞቱ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ወደ ማዋለጃ ክፍል ሲመጡ በሽታውን በእጃቸው ይዘው ይገቡ እንደነበር ተገነዘቡ።

በግንቦት 1847 አጋማሽ ከአስከሬን ክፍል የሚመጣ ማንኛውም ሰው እጁን በክሎሪን ውሃ ሳይታጠብ እናቶችን እንዳይመረምር የሚያዝ ደንብ አወጡ። በሚያዝያ 18.3 በመቶ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2.2 በመቶ ወረደ። ለዛሬው አንባቢ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን በጥቅምት የሆነው ነው። የማህፀን ካንሰር የነበረባትና ፈሳሽ የሚወጣት አንዲት እናት ከሌሎች ወላዶች ጋር ተኝታ ነበር፤ ሐኪሞቹ እርሷን መርምረው ወደ ቀጣዮቹ አለፉ። አብረዋት ከነበሩት አሥራ ሁለት ወላዶች አሥራ አንዱ ሞቱ። ደንቡ ከአስከሬን ክፍል ለሚመጣ ሰው ብቻ የተጻፈ ስለነበር ይህን አደጋ አልሸፈነም። ሴምልቫይስ ደንቡ ተጥሷል ብለው ሰው አልከሰሱም፤ ደንቡን ራሱን አሻሻሉት። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዷ ሕመምተኛ ምርመራ በኋላ እጅን መታጠብ ግዴታ ሆነ። ስህተት ሲታይ ሠራተኛውን ከመወንጀል በፊት መመሪያውን የመመርመር ልማድ ከቀደምት ምሳሌዎቹ አንዱ ይህ ነው።

የሴምልቫይስ ድክመት ሌላ ቦታ ነበር። የደንቡን ምክንያት በራሳቸው ብዕር ለመግለጽ ብዙ ዓመታት ዘገዩ፤ ዋናውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1861 ነው። በዚያ መካከል የሌሎች አገር ሐኪሞች ስለ ሥራቸው የሰሙት ከሦስተኛ ወገን ስለነበር ብዙዎቹ በተሳሳተ መንገድ ተረዱት። በ1849 ውላቸው ሳይታደስ ቀርቶ ከክሊኒኩ ተሰናበቱ፤ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ አረፉ። ምክንያቱ ያልተብራራ ትእዛዝ፣ አዛዡ እስካለ ድረስ ቢከበርም፣ አዛዡ ሲሄድ ተከራካሪ እንደማይኖረው የእርሳቸው ሕይወት አሳዛኝ ምስክር ነው።

ናይቲንጌልና የማይታየው ሥራ

ከክሪሚያ ጦርነት የተመለሱት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ባዘጋጁት ስለ ሕሙማን እንክብካቤ በሚያወሳው ታዋቂ መጽሐፋቸው ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጡት ለዕለታዊ አስተዳደር ነው። የምዕራፉ ፍሬ ነገር አንዲት ነርስ በቦታው እያለች የምትሠራው ሁሉ በማትኖርበትም ጊዜ እንዲሠራ ካላደረገች፣ መልካም እንክብካቤዋ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል የሚል ነው። በናይቲንጌል አስተሳሰብ ኃላፊ መሆን ማለት ሁሉንም ነገር በራስ እጅ መሥራት ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚጠበቅበትን እንዲያውቅና እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ይህ ሐሳብ ለዛሬው የአሠራር መመሪያ መሠረት ነው። ጥሩ ነርስ እርሷ በሌለችበት ሰዓት ሥራው ከቆመ፣ ጥሩ የሆነችው ነርሷ እንጂ ዋርዱ አይደለም።

የተቃጠለው ዝርዝር

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ኮድማን፣ ሆስፒታሎች ያከሙት ሕመምተኛ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ተከታትለው መመዝገብና ውጤቱን በይፋ ማሳወቅ አለባቸው ብለው በብርቱ ይሟገቱ ነበር። አቋማቸው ከብዙ ባልደረቦቻቸው ጋር ቢያጋጫቸውም፣ በ1913 የተመሠረተው የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በሐሳቡ ተነሣሥቶ ለሆስፒታሎች ዝቅተኛ መስፈርት አዘጋጀ።

መስፈርቱ በአንድ ገጽ የሚያልቅና አምስት ነጥቦች ብቻ ያሉት ነበር። ሐኪሞች በተደራጀ አካል እንዲታቀፉ፣ አባላቱ ብቃትና መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው እንዲሆኑ፣ የሥራ ደንብ አጽድቀው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እየተሰበሰቡ ሥራቸውን እንዲገመግሙ፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የተሟላ መዝገብ እንዲያዝ፣ እንዲሁም ላቦራቶሪና የራጅ አገልግሎት እንዲኖር ይጠይቃል። በ1918 በተጀመረው ጉብኝት 100 ወይም ከዚያ በላይ አልጋ ካላቸው 692 ሆስፒታሎች መካከል መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። ካላሟሉት መካከል በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑ ሆስፒታሎች ይገኙ ነበር። በ1919 ኮሌጁ በኒውዮርክ ባካሄደው ስብሰባ ቁጥሩ ብቻ ይፋ ተደረገ፤ የሆስፒታሎቹ የስም ዝርዝር ግን በጋዜጠኞች እጅ እንዳይወድቅ በሆቴሉ ምድር ቤት ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ።

የተቃጠለው የስም ዝርዝሩ ነው፤ መስፈርቱ ግን ቀረ። ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሟሉት ሆስፒታሎች ቁጥር እያደገ ሄዶ፣ በ1951 የተቋቋመው የሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪ የጋራ ኮሚሽን ሥራውን ከኮሌጁ ተረከበ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የሆስፒታል ዕውቅና አሰጣጥ የዘር ሐረግ ወደዚያች አንድ ገጽ ይመዘዛል።

ከአየር ኃይል የመጣው ልምድ

ጥቅምት 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የቦይንግ ኩባንያ አዲስ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ከተነሣ በኋላ ወዲያው ተከሰከሰ። ከአምስቱ ተሳፋሪዎች ሁለቱ ሞቱ፤ አንደኛው ዋናው አብራሪ ሻለቃ ፕሎየር ሂል ነበሩ። ምርመራው ያገኘው የሞተር ብልሽት አልነበረም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም የመሪ ክንፎቹን የሚይዘው ቁልፍ ከበረራው በፊት አልተፈታም ነበር። አብራሪው ከፍተኛ ልምድ ያላቸው ሰው ቢሆኑም፣ መታወስ ያለባቸው ነገሮች ብዛት ከአንድ ሰው የማስታወስ አቅም በላይ ሆኖ ነበር።

መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ረዘም ያለ ሥልጠና ሳይሆን አጭር የማረጋገጫ ዝርዝር፣ በተለምዶ ቼክሊስት የሚባለው ነው። በዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት ነገሮች አብራሪዎቹ ሁሉ የሚያውቋቸው ነበሩ። ዓላማው ማስተማር ሳይሆን፣ የሚታወቀው ነገር በጥድፊያ ሰዓት እንዳይዘነጋ ማድረግ ነበር።

ወደ ሕመምተኛው አልጋ

ይህ ልምድ በሕክምና ውስጥ በሰፊው እስኪፈተን ከስድሳ ዓመታት በላይ ወሰደ። በ2001 የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ዶክተር ፒተር ፕሮኖቮስት በማዕከላዊ የደም ሥር ቱቦ ምክንያት የሚመጣን ኢንፌክሽን ለመከላከል አጭር ዝርዝር አዘጋጁ። በሚቺጋን ግዛት ሆስፒታሎች በሥራ ላይ የዋለው አሠራር አምስት ነገሮችን ያዝዛል፦ እጅ መታጠብ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ የተሟላ መከላከያ መጠቀም፣ በተቻለ መጠን የጭን ደም ሥርን አለመምረጥ፣ የማያስፈልግን ቱቦ ማውጣት። በ2006 የታተመው ጥናት ከ100 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎችን ያካተተ ሲሆን፣ በአማካይ በ1,000 የቱቦ ቀናት 7.7 የነበረው የኢንፌክሽን መጠን ከ16 እስከ 18 ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ 1.4 ወርዷል።

ለውጡን ያመጣው ግን ወረቀቱ ብቻ አልነበረም። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች በሙሉ በአንድ ጋሪ ላይ ተዘጋጅተው ቀረቡ፤ ሐኪሙ አንድ ደረጃ ሲዘል ያየች ነርስ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ተሰጣት፤ ውጤቱም በየጊዜው ለክፍሎቹ ተመልሶ ይነገር ነበር።

በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥቦች ያሉትን የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ይፋ አደረገ። ዝርዝሩ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከመውጣቱ በፊት ይነበባል። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች በተካሄደውና በ2009 በታተመው ጥናት፣ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ዋና ዋና የጤና መታወኮች ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ቀነሱ።

ሆኖም በ2014 ከካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የወጣ ጥናት ሌላ ገጽታ አሳየ። በ101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩ ግዴታ ሆኖ ከገባ በኋላ ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ የተለወጠ ሲሆን፣ ልዩነቱ በስታትስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው አልነበረም። ስለ ምክንያቱ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ከተነሡት ነጥቦች ዋነኛው ዝርዝሩ በትእዛዝና በአጭር ጊዜ ስለገባ፣ ምልክት ማድረግና ሥራውን መሥራት በየቦታው አንድ ላይ ላይሄዱ ይችላሉ የሚል ነበር። በሳጥኑ ውስጥ የተደረገ ምልክት እጅን አያጸዳም፤ አንቲባዮቲክም አይሰጥም።

በኢትዮጵያ

በአገራችን የተጻፈ አሠራር በሰፊው ከተሞከረባቸው መስኮች አንዱ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቁጥር በሂደት ከ30,000 በላይ ደርሷል። ይህን ያህል ብዙ ሠራተኛ ሐኪም በአጠገቡ በሌለበት ተቀራራቢ አገልግሎት እንዲሰጥ ያስቻለው፣ ሥራው በግልጽ ተከፋፍሎና በጽሑፍ ተዘጋጅቶ መሰጠቱ ነው።

በሆስፒታሎች በኩል የፌዴራል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2010 የሆስፒታሎች ሪፎርም ትግበራ መመሪያን አወጣ። መመሪያው ከአመራር ጀምሮ የሕመምተኛ ፍሰትን፣ የሕክምና መዝገብ አያያዝን፣ የነርስ አገልግሎትን፣ መድኃኒትን፣ ላቦራቶሪን፣ የኢንፌክሽን መከላከልንና የሕክምና መሣሪያዎችን አስተዳደር የሚሸፍን ሲሆን፣ በ2016 በሆስፒታል አገልግሎቶች ትራንስፎርሜሽን መመሪያ ተተክቷል። አገር አቀፍ መመሪያ ግን የእያንዳንዱን ሆስፒታል በርና መተላለፊያ ሊያውቅ አይችልም። «የድንገተኛ መድኃኒት በየፈረቃው ይቆጠር» የሚለውን ድንጋጌ «የማታ ተረኛዋ ነርስ ከምሽቱ ርክክብ በፊት ቆጥራ በዚህ መዝገብ ላይ ትፈርማለች» ወደሚል የዕለት ሥራ የሚለውጠው የዚያው ዋርድ ባለሙያ ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ የሚናቅ አይደለም። የክሎሪን አበራረዝ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ከተሰቀለ፣ በርዛ የምታጸዳው ሠራተኛ ልታነበው አትችልም። መመሪያው መጻፍ ያለበት ለሚፈርመው ኃላፊ ሳይሆን ሥራውን ለሚሠራው ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ከቪየና እስከ ኦንታሪዮ ያለው ታሪክ የሚያስተምረው ተመሳሳይ ነገር ነው። ውጤት ያስገኙት መመሪያዎች አጭርና ግልጽ ነበሩ፤ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ለይተዋል፤ ምክንያታቸውን አስረድተዋል፤ ለአፈጻጸማቸው የሚያስፈልገው ዕቃ ቀርቦላቸዋል፤ ጉድለታቸው ሲታይም ታርመዋል። ከሥራው ባለቤቶች ጋር ሳይመከርባቸው ከላይ የወረዱት ብዙ ጊዜ በመደርደሪያ ላይ ቀርተዋል።

በየሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ባለሙያዎች በየዓመቱ ጡረታ ይወጣሉ፤ ይዛወራሉ፤ ወደ ውጭ አገርም ይሄዳሉ። የሚያውቁትን ከመሄዳቸው በፊት በሁለት ገጽ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በዚያች ሌሊት ለሚገባው አዲስ ተረኛና በእርሱ እጅ ላይ ለወደቀው ሕመምተኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ውርስ የለም።