በክመር ጽሕፈት ስለ ባዶ ቦታ አገልግሎት

የካምቦዲያ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲጽፍ፣ ነጠላ ሰረዝ በሚገባበት ስፍራ ባዶ ቦታ ብቻ ትቶ ቢያልፍ ወይም ቃላትን ቢያያይዝ፣ መምህሩ ቸልተኛ ሊለው ይችላል። ይህ ፍርድ ግን የጽሕፈቱን ታሪክ ያላገናዘበ ነው። የክመር ፊደል መነሻው ደቡብ ሕንድ ነው፤ ዘመናቸው ተጽፎባቸው ከተገኙት የክመር ቋንቋ ጽሑፎች ቀዳሚው በአንግኮር ቦሬይ የተገኘው፣ በ611 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ነው። በዚህ ጽሕፈት ልማድ ቃላት፣ እንደ ግእዙ በሁለት ነጥብ ሳይለያዩ፣ ተያይዘው ይጻፋሉ፤ ባዶ ቦታ የሚተወው ሐረግ ሲያበቃ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩም መዝጊያ «ካን» የተባለው ምልክት ነው። እንግዲህ ተማሪው የአባቶቹን ሥርዓት ወደ ባዕድ ቋንቋ አሻገረ እንጂ ሥርዓት አላጣም። ስለዚህ መምህሩ ከማረሙ አስቀድሞ፣ ባዶ ቦታ በሁለቱ ጽሕፈቶች የተለያየ አገልግሎት እንዳለው ሊያስረዳው ይገባል።