በሣር ውስጥ የሚኖር ፈንገስና መርዙ፦ ከኬንታኪ እስከ ኒውዚላንድ

በ1931 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው የግብርና ሊቅ ኢ. ኤን. ፈርገስ በመኒፊ አውራጃ፣ ተዳፋት ላይ ባለ አንድ እርሻ፣ በብርዱ ወራት እንኳ ልምላሜው የማይጠፋ ሣር አዩ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘሩ ተፈትኖ በ1943 «ኬንታኪ 31» ተብሎ ለገበሬ ተሰራጨ። ድርቅ የሚችል፣ የከብት ርግጫ የማይገድለው፣ ተባይ የማይደፍረው ሣር ነበር። ፌስኩ የሚባለው ይህ የሣር ዝርያ ዛሬ በአሜሪካ 14 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል።

ከብቶቹ ግን አልተስማማቸውም። በሙቀት ወራት ያለከልካሉ፣ ከኩሬ አይወጡም፣ ያረጀ ፀጉራቸው አይረግፍም፣ ሥጋ አይይዙም። ብርድ ሲገባ ደግሞ የኋላ እግራቸው፣ የጅራታቸውና የጆሯቸው ጫፍ ደም አጥቶ ይበሰብሳል። ያረገዙ ባዝራዎች የመውለጃ ጊዜያቸው ያልፋል፤ ሲወልዱም ጡታቸው ወተት አያግትም። ሣሩ በቤተ ሙከራ ሲመረመር የምግብ ይዘቱ ጥሩ ስለነበር ችግሩ ለዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ።

ፍቺው የመጣው ከአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ነው። ተመራማሪው ቻርልስ ቤከንና ባልደረቦቹ የታመሙ ከብቶች የሚግጡበትን መስክና ጤነኞቹ የሚግጡበትን አነጻጸሩ። ከመጀመሪያው መስክ የተወሰደው ሣር ሁሉ በውስጡ ፈንገስ ነበረው፤ በሁለተኛው ግን ከአሥር አንዱ ብቻ። ውጤቱ በ1977 ታተመ። ዛሬ ኤፒክሎይ በሚባለው ወገን የተመደበው ይህ ፈንገስ በሣሩ ላይ ነጠብጣብም ጠውላጋነትም አያሳይም። ክሮቹ በሴሎች መካከል እየተሳቡ ያድጋሉ፣ ወደ ዘሩ ይገባሉ፣ ከእናት ሣር ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ሣሩ ከጠፋ ፈንገሱም ይጠፋል። ስለዚህ ፈንገሱ የሚያመነጨውን፣ ሣሩንም ከተባይ የሚጠብቀውን መርዝ የበሽታ ምልክት አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል፤ ፈንገሱ ለማደሪያው የሚከፍለው ኪራይ ነው።

ከብቶቹን የሚጎዳው ዋናው ውሁድ ኤርጎቫሊን ነው። የደም ሥሮችን ያጠባል፤ የዶፓሚን ተቀባዮችን ቀስቅሶም ወተት የሚያመነጨውን ፕሮላክቲን ሆርሞን ያወርዳል። የዚህ ቤተሰብ መርዞች ለአገራችንም እንግዳ አይደሉም። በ1978 በወሎ እጅና እግር ያደረቀው መመረዝ ኤርጎት በያዘው ሲናር የመጣ ነበር። ኤርጎት በዛላው ላይ የሚያድግ ፈንገስ፣ የኤፒክሎይም የቅርብ ዘመድ ነው። በእህላችን መካከል የምናውቀው እንክርዳድም በዘሩ ውስጥ ፈንገስ እንደሚይዝ የታወቀው በ1898 ነው።

መንስኤው ሲታወቅ የመጀመሪያው ሐሳብ ፈንገሱን ማስወገድ ሆነ። ቀላልም ነበር፤ ዘሩ በሞቃት መጋዘን ሲከርም ፈንገሱ ይሞታል፣ ዘሩ ግን ይበቅላል። በ1980ዎቹ ከፈንገስ የጸዳ ፌስኩ ተዘራ። ከብቶቹ ወፈሩ፤ ሣሩ ግን በድርቅና በግጦሽ ሳሳ። በኒውዚላንድም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ራይግራስ በሚባለው ሣር ውስጥ ያለው ፈንገስ የሚያመነጨው ሎሊትሬም ቢ የተባለ መርዝ በጎችን እያንቀጠቀጠ ይጥላቸው ነበር፤ ግንኙነቱም በ1981 ተገለጠ። ፈንገሱ የሌለበትን ሣር ግን የአርጀንቲና ነቀዝ የሚባለው ተባይ አወደመው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ የተጠየቀው ጥያቄ ነው፦ መርዙ ለማን ነው መርዝ? ፈንገሶቹ ከሚሠሯቸው ውሁዶች ፔራሚን ተባይን ያርቃል፣ ሎሊንም ነፍሳትን ይገድላል፤ ሁለቱም ለከብት ያን ያህል አያሰጉም። ሎሊትሬምና ኤርጎቫሊን ግን አጥቢ እንስሳትን ይጎዳሉ። ተመራማሪዎች በተፈጥሮ የመጀመሪያዎቹን የሚሠሩ፣ ሁለተኞቹን የማይሠሩ ፈንገሶችን ፈልገው በሣሩ ውስጥ አኖሩ። ኤአር1 ለራይግራስ፣ ኤአር542 ለፌስኩ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ፈንገስ ኤአር37 ተባይን በመከላከል ይበልጣል፤ የራሱ ውሁዶች ግን አንዳንድ ጊዜ በጎችን ማንቀጥቀጣቸው አልቀረም፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ሁልጊዜ ማመዛዘንን ይጠይቃል።

አሮጌው ኬንታኪ 31 አሁንም ሰፊ መሬት ይዟል። ባለከብቶች የመርዙን ድርሻ ለመቀነስ ማገጥ ይቀላቅሉበታል፤ ባዝራዎችንም ከመውለዳቸው ሳምንታት አስቀድመው ከመስኩ ያወጧቸዋል። አዲሱን ዘር የሚገዛ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ትናንት መፍትሔ የነበረው ሞቃት መጋዘን ጠቃሚውንም ፈንገስ ይገድላልና፣ ዘሩ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ መቀመጡን፣ ፈንገሱም በሕይወት መኖሩ መመርመሩን ሳያረጋግጥ መዝራት የለበትም።