ቲማቲም፥ ኮምጣጤና ስኳር፤ የአንድ ሰላጣ ማጣፈጫ ታሪክ

በገበታ ላይ እጅግ ተራ መስሎ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ ረጅም ታሪክ አለው። በአሜሪካ አገር በሰላጣ ላይ የሚፈስሰውና «የፈረንሳይ ማጣፈጫ» የሚባለው፥ ቀላ ያለ፥ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ቅመም ለዚህ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ማጣፈጫ ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ቲማቲም ነው። ስሙም የሜክሲኮ አዝቴኮች «ቶማትል» ይሉት ከነበረው ቃል የመጣ ነው። እስፓኞሎች በ1521 ዓ.ም. የአዝቴኮችን መንግሥት ድል ካደረጉ በኋላ ተክሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ገባ፤ በ1544 ዓ.ም. ማቲዮሊ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም በመጽሐፉ ጠቀሰው። ሆኖም መርዛም ዕፀዋት ከሚገኙበት ወገን ስለ ሆነ ብዙዎች ፈርተውት ለጌጥ ብቻ ይተክሉት ነበር። በ1690ዎቹ ግን አንቶኒዮ ላቲኒ የተባለ በናፖሊ የነበረ የመኳንንት ግብር አዛዥ፥ ቲማቲም ከሽንኩርት፥ ከበርበሬ፥ ከጨው፥ ከዘይትና ከኮምጣጤ ጋራ የሚዋሐድበትን አሠራር ጽፎ አሳተመ። ቲማቲሙን ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋራ ከትፎ ሎሚና ዘይት ለሚያፈስስበት ያገራችን ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ታዲያ ጣፋጭነቱ ከወዴት መጣ? ይህን ለማወቅ የኬቻፕን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። ኬቻፕ የሚለው ቃል ከደቡብ ቻይና የመጣ እንደ ሆነ ይታመናል፤ በመጀመሪያም ከዓሣ የሚሠራ ጨዋማ መረቅ ማለት ነበር። እንግሊዞች ከእንጉዳይ መሥራት ጀመሩ፤ በ1812 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ሚዝ የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም ከቲማቲም የሚሠራበትን መንገድ አሳተመ። በ1876 ዓ.ም. ሄንሪ ሃይንዝ በፒትስበርግ ለገበያ አቀረበው።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች የቲማቲም ልጣጭና ግርድ እየሰበሰቡ፥ በቀለም እያሳመሩ፥ እንዳይበላሽም ቤንዞዌት የተባለ መድኃኒት እየጨመሩ ይሸጡ ነበር። የመንግሥት ኬሚስት የነበሩት ሃርቪ ዋይሊ በ1902 ዓ.ም. በፈቃዳቸው የቀረቡ 12 ወጣቶችን እነዚህን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ከምግብ ጋራ እያበሉ መረመሩ። በ1906 ዓ.ም. የምግብ ንጽሕና ሕግ ወጣ። ሃይንዝም ቤንዞዌትን ትቶ የበሰለ ቲማቲም መረጠ፤ ኮምጣጤውንና ስኳሩንም አበዛ። የኮምጣጤው ኃይልና የስኳሩ ብዛት ተሐዋስያን እንዳይራቡ ይከለክላሉና። እንግዲህ ያ ጣፋጭና ኮምጣጣ ጣዕም የምላስ ምርጫ ብቻ ሳይሆን፥ ምግብን ያለ መድኃኒት ለማቆየት የተገኘ ብልኃት ጭምር ነው።

ይህ ቅመም ከዘይት ጋራ ተዋሕዶ በሰላጣ ላይ ሲፈስስ «የፈረንሳይ» ይባላል። ፈረንሳዮች ግን ሰላጣቸውን የሚያጣፍጡት በዘይት፥ በኮምጣጤ፥ በጨውና በሰናፍጭ ነው፤ ቲማቲምም ስኳርም የለበትም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፥ ይህን ስም ያወጣው ገበያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1950 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በዚህ ስም የሚሸጥ ሁሉ ከክብደቱ ከመቶው ቢያንስ 35 እጅ የአትክልት ዘይት እንዲኖረው አዘዘ። በ1998 ዓ.ም. ግን የአምራቾች ማኅበር ደንቡ እንዲነሣ አመለከተ፤ ልዩ ልዩ ዓይነት ማጣፈጫዎች ስለ በዙና ቅባት የቀነሱትም ተፈላጊ ስለ ሆኑ በ2022 ዓ.ም. ደንቡ ተሻረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። በጠርሙስ ላይ የተጻፈ ስም ስለ ውስጡ ሁሉን አይናገርም፤ ደንብም በዘመን ብዛት ይሻራል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ለልጆችህ የምታቀርበውን ምግብ ስትገዛ ከስሙ አልፈህ የተሠራበትን ነገር ዝርዝር አንብብ። ሕግ በላተኛውን የሚጠብቀው በላተኛው ራሱ ሲነቃ ነውና።